በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለት ወረፋዎች

ከሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተመለሱ ሰዎች ከሚያነሷቸው ቅሬታዎች ሁለቱ ይደጋገማሉ። አንደኛው “ቀድመን ደርሰን ሳለ ከኋላችን የመጣው ታየ” የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ “ሐኪሙስ አይቶናል፤ ግን ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ አስተኙን” የሚል። በተለምዶ ሁለቱንም “ወረፋ” ብለን እናልፋቸዋለን። መነሻቸው አንድ ይሁን የተለያየ ለማወቅ በመጀመሪያ የተጎዳ ሰው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ ቀጥሎም ክፍሉ በምን ስሌት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በተለይ የምንመለከተው የአደጋ ጉዳትን ነው፤ የመኪና ግጭት፣ ከፎቅ መውደቅ፣ ስለት፣ ጥይትና የመሳሰሉትን።

አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ትረንኪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ በአደጋ የሚሞቱ ሰዎችን እንደሚሞቱበት ጊዜ በሦስት ከፍሎ አሳይቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ እዚያው አደጋው ቦታ ላይ፣ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታሉ። አንጎላቸው፣ ልባቸው ወይም ትልልቅ የደም ሥሮቻቸው ከጥገና በላይ ተጎድተዋልና ሆስፒታል የሚያደርግላቸው ነገር የለም፤ እነሱን ሊያተርፍ የሚችለው የደኅንነት ቀበቶ፣ ሄልሜትና የፍጥነት ገደብ ነው። ሲሶ የሚጠጉት በሚቀጥሉት ጥቂት ሰዓታት ይሞታሉ፤ የሚገድላቸውም በአብዛኛው የደም መፍሰስና በራስ ቅል ውስጥ የሚፈጠር ግፊት ነው። የቀሩት ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ በኢንፌክሽንና በአካል ክፍሎች መድከም ያልፋሉ። የክፍፍሉ መጠን ከአገር አገር ይለያያል፤ ድንገተኛ ክፍል የሚደራጀው ግን በዋናነት ለመካከለኛው ቡድን እንደሆነ ያሳያል። ሰዓት ያላቸው፣ ብዙ ሰዓት ግን የሌላቸው ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች እንዴት እንደሚሞቱ ማወቅ የቀረውን ሁሉ ያስረዳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ 5 ሊትር ያህል ደም አለው። ከዚህ እስከ 15 በመቶው ቢፈስ ሰውነት በራሱ ያካክሰዋል፣ ምልክትም እምብዛም አያሳይም። ከ15 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ልብ ይፈጥናል፣ የቆዳና የእጅ እግር የደም ሥሮች ይጠባሉ፣ መዳፍ ይቀዘቅዛል። የደም ግፊት ግን ገና ደህና ሊመስል ይችላል። ግፊቱ በግልጽ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ ከፈሰሰ በኋላ ነው። ወጣትና ጤነኛ ሰው ይህን የማካካስ አቅሙ ትልቅ ስለሆነ ረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ይቆይና በድንገት ይወድቃል። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት የሰውነት ክፍሎች በቂ ደምና ኦክሲጅን ሳያገኙ የሚቀሩበትን ይህን ሁኔታ ነው። በሆድ ውስጥ፣ በደረት ውስጥ፣ በዳሌ አጥንት ዙሪያና በጭን ውስጥ የሚፈስ ደም ደግሞ መሬት ላይ አይታይም። ስለዚህ ልብሱ በደም የተነከረው ሰው በውጪ አንዲት ጠብታ ከማይታይበት ሰው የተሻለ ሁኔታ ላይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ላይ ሦስት ነገሮች እርስ በርስ ይመጋገባሉ። ደም ያጣ ሰው ይበርደዋል፤ የቀዘቀዘ ደም በደንብ አይረጋም። ኦክሲጅን ያጣ ሕዋስ አሲድ ያመነጫል፤ አሲዱም መርጋትን ያዳክማል። የማይረጋ ደም ደግሞ መፍሰሱን ይቀጥላል፣ ሰውየው የባሰ ይበርደዋል። ነርሷ እርጥብ ልብስ አውልቃ ብርድ ልብስ የምትደርበው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ይህን አዙሪት ለመስበር ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ርካሽ መድኃኒትም የሚሠራው እዚሁ ላይ ነው፤ የረጋው ደም መልሶ እንዳይሟሟ ያግዳል። በ40 አገሮች፣ ከ20,000 በላይ ጉዳተኞች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው ክራሽ-2 የተባለ ጥናት መድኃኒቱን ካገኙት 14.5 በመቶ፣ ካላገኙት 16 በመቶ እንደሞቱ አሳይቷል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሕይወት ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው፤ በመጀመሪያው ሰዓት ሲሰጥ ጥቅሙ ከፍተኛ ነበር፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲሰጥ ግን በደም መፍሰስ የመሞትን ዕድል የጨመረ መሰለ። “ወርቃማው ሰዓት” የሚለው የባልቲሞሩ ሐኪም አዳምስ ካውሊ አባባል የሚጠቀሰው በዚህ ምክንያት ነው። 60ኛዋ ደቂቃ ላይ የሚዘጋ በር የለም፤ እያንዳንዷ የዘገየች ደቂቃ ዋጋ እንዳላት ለማስታወስ ግን አባባሉ ይጠቅማል።

እንግዲህ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በር ብዙ ቀድሞ ነው። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት መሥሪያ ቤቱ በ939፣ በግል ደግሞ ጠቢታ አምቡላንስ በ8035 ይጠራሉ። በየወረዳው የተሰራጩት የመንግሥት አምቡላንሶች በዋናነት የታሰቡት ለወላድ እናቶች ነበር። በተግባር ብዙው ጉዳተኛ ሆስፒታል የሚደርሰው በታክሲ፣ በባጃጅ ወይም ባጋጠመ የግል መኪና ነው። ይህ ማለት በመንገድ ላይ ደሙን የሚያስቆምለት፣ አንገቱን የሚደግፍለት፣ ለሆስፒታሉም “እየመጣን ነው” ብሎ የሚደውልለት ሰው የለም ማለት ነው። የሚፈሰውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫንና አለመልቀቅ ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰዎች በየደቂቃው እየገለጡ ያዩታል፣ የረጋው ደምም ይነሳል። ለተጎዳ ሰው ውሃ መስጠትም እንዲሁ ከደግነት የመጣ ልማድ ነው። ጉዳተኛው በማደንዘዣ ቢተኛ ወይም ራሱን ቢስት በሆዱ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ሐኪሞች ምግብም ውሃም ይከለክላሉ። “ጠምቶኝ ከለከሉኝ” የሚለው ምሬት ከዚህ ይመጣል።

በሩ ላይ የሚጠብቀው የመጀመሪያው ሥራ ትሪያጅ ነው፤ ሕሙማንን እንደ ጉዳታቸው አጣዳፊነት መለየት። ሐሳቡ ከናፖሊዮን ጦር ሐኪም ከዶሚኒክ ላሬ ጋር ይያያዛል፤ ላሬ ቁስለኞችን በማዕረጋቸው ሳይሆን በቁስላቸው ክብደት ያክም ነበር። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በስፋት የተለመደው የደቡብ አፍሪካ የትሪያጅ መለኪያ ነው። ቀይ ማለት ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ መታየት ያለበት ማለት ነው። ሰማያዊ ሕይወቱ ላለፈ ነው። የጤና ሚኒስቴር የሆስፒታሎች መመዘኛም ድንገተኛ ሕሙማን በደረሱ በ5 ደቂቃ ውስጥ መለየታቸውን ይከታተላል።

ቀለሙ የሚወጣው በግምት አይደለም። ነርሷ ሰባት ነገሮችን ትለካለች፦ በእግሩ መምጣቱን ወይም ተደግፎ መሆኑን፣ የትንፋሹን ብዛት፣ የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ንቃቱን፣ አደጋ የደረሰበት መሆን አለመሆኑን። ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣለች። ለምሳሌ መኪና የገጨው ወጣት ተደግፎ ገባ እንበል፦ 1 ነጥብ። ትንፋሹ በደቂቃ 22 ነው፦ 2። የልብ ምቱ 115 ነው፦ 2። የላይኛው የደም ግፊቱ 105 ስለሆነ 0፤ ሙቀቱና ንቃቱ ደህና ስለሆኑ 0። አደጋ ስለሆነ 1 ይጨመራል። ድምሩ 6 ነው፤ 5 እና 6 ብርቱካናማ፣ 7 እና ከዚያ በላይ ቀይ ነው። ይህ ወጣት እያወራ ሊሆን ይችላል፣ “ደህና ነኝ፣ ወደ ቤት ልሂድ” ሊልም ይችላል። አጠገቡ ክንዱ የተሰበረ፣ በሕመም የሚጮህ ሰው አለ። በእግሩ ገብቷል፣ የልብ ምቱ 95 ነው፣ ድምሩ ከ2 አይበልጥም፤ ቆዳው ያልተከፈተ ስብራት ስላለው ብቻ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ከፍ ይላል። የሚጮኸው ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢደርስም ዝምተኛው ይቀድመዋል። ጭካኔ ይመስላል። ነገር ግን ለመጮህ ክፍት የአየር መተላለፊያ፣ የሚሠራ ሳንባና ንቁ አንጎል ያስፈልጋል፤ ጩኸቱ ራሱ ለነርሷ መረጃ ነው። ይህ ግን ሕመሙን በማስታገሻ ከማከም አያግድም፣ ሊያግድም አይገባም።

ከውስጥ የሚሠራው ቅደም ተከተልም ከዚሁ አመክንዮ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ጄምስ ስታይነር የተባለ አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ነብራስካ ውስጥ ተከሰከሰች፤ ባለቤቱ ሞተች፣ ልጆቹ ክፉኛ ተጎዱ። በአቅራቢያው ሆስፒታል ያገኙት ሕክምና ሥርዓት የሌለው ሆኖ አገኘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን የአደጋ ሕክምና ሥልጠና ሰጠ፤ በ1980 የአሜሪካ ቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ተቀበለው፣ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ዋናው መርህ ቀላል ነው፦ ቀድሞ የሚገድለውን ቀድመህ አክም፤ የጉዳቱን ሙሉ ስም ለማወቅ አትጠብቅ። የአየር መተላለፊያ የተዘጋበት ሰው በደቂቃዎች ይሞታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይታያል፣ አንገቱም ሳይነቃነቅ። ቀጥሎ አተነፋፈስ፤ ከተቀደደ ሳንባ የወጣ አየር በደረት ውስጥ ከታመቀ ልብን ይጫናልና በመርፌ ወይም በቱቦ ይወጣል። ሦስተኛ የደም ዝውውር፣ አራተኛ የንቃት ደረጃ። በመጨረሻ ልብስ ሁሉ ይወልቃል፣ ጀርባም ሳይቀር ይታያል። የለበሰው አዲስ ኮት በመቀስ ሲቀደድ ቤተሰብ ይከፋዋል፤ ከብብት ሥር ያለች የስለት ቀዳዳ ግን በሌላ መንገድ አትገኝም።

ይህን ሲጠብቅ የቆመ ዘመድ የሚያየው የተገላቢጦሽ ነው። እግሩ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቷል፤ ሐኪሞቹ ግን ደረቱን ያዳምጣሉ፣ ሆዱ ላይ አልትራሳውንድ ይደግፋሉ። አልትራሳውንዱ በልብ ዙሪያ፣ በጉበት፣ በጣፊያና በፊኛ አካባቢ ደም መኖሩን በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። በሆዱ ውስጥ ደም ያለው፣ ግፊቱም የሚወርድ ሰው ሲቲ ስካን ሳይጠብቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል። ግፊቱ የተረጋጋው ግን ይቆያል፣ በምስል ይመረመራል። ለወጣው አጥንት በዚህ ደረጃ የሚደረገው ንጹሕ መሸፈኛ፣ በሰዓቱ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያንና የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ነው፤ ቀሪው ይደርሳል።

የራስ ጉዳት ለብቻው ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሕክምናው በአመዛኙ መጠበቅና ማየት ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1974 የግላስጎ ሐኪሞቹ ቲስዴልና ጄኔት ንቃትን በዓይን መክፈት፣ በንግግርና በእንቅስቃሴ ከ3 እስከ 15 የሚመዝን መለኪያ አወጡ። 15 ሙሉ ንቁ ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች የሆነ ሰው የአየር መተላለፊያውን በራሱ ሊጠብቅ ስለማይችል ቱቦ ይገባለታል። ይሁንና አንድ ጊዜ ከተለካው ቁጥር በላይ የሚናገረው የቁጥሩ አካሄድ ነው። ከራስ ቅል ሥር ቀስ እያለ ደም የሚጠራቀምበት ሰው ከአደጋው በኋላ ነቅቶ ሊያወራ ይችላል፣ ከሰዓታት በኋላም ሊፈዝና ራሱን ሊስት። ስለዚህ ነርሶች በየሰዓቱ እየመጡ “ስምህ ማን ነው? የት ነው ያለኸው?” ይላሉ፣ ዓይኑን በብርሃን ያያሉ። አስታማሚ “አስሬ ስሙን ከመጠየቅ መድኃኒት አይሰጡትም?” ማለቱ አይገርምም። መልሱ በጥያቄው ተደጋጋሚነት ውስጥ ነው፤ ትናንት ማታ በትክክል የመለሰው ሰው ዛሬ ከተደናገረ ሲቲ ስካኑና ምናልባትም ቀዶ ሕክምናው አስቸኳይ ይሆናል።

አጥንት ላይ ደግሞ በኢትዮጵያ አንድ የተለየ መንገድ አለ። ብዙ ሰው ከሆስፒታል ቀድሞ ወይም ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፤ ዋጋው ይቀላል፣ ቤቱ ይቀርባል፣ ቃሉም ያጽናናል። ችግሩ የሚነሳው ያበጠ እግር ወይም እጅ በሸምበቆና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር ነው። እብጠቱ ከውስጥ ይገፋል፣ ማሰሪያው ከውጪ ይይዛል፤ መካከል ላይ ያለው ጡንቻ ደም ያጣል፣ በሰዓታት ውስጥም መሞት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት እጃቸውና እግራቸው የሚቆረጥ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ ተመዝግበዋል። ከታሰረ በኋላ የሚብስ ሕመም፣ መደንዘዝና የጣት መቀዝቀዝ ማሰሪያው ወዲያውኑ መፈታት እንዳለበት ያመለክታሉ። ለሆስፒታል ጄሶም ይኸው ይሠራል።

ስለ ገንዘብም ቤተሰብ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 537 ከባድ ችግር ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት ሙያዊ እርዳታ የሚነፍግን የጤና ባለሙያ ይቀጣል። ለመኪና አደጋ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ተጎጂው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና በመድን ሽፋን እንዲያገኝ ደንግጎ ነበር፤ ገጪው ቢያመልጥ ወይም መድን ባይኖረው የመድን ፈንድ አለ። ያ መጠን ለአንድ ሲቲ ስካንና ለጥቂት መድኃኒት እንኳ እንደማይበቃ መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥርና የፖሊስ ማስረጃ የሚያስፈልጉት ለዚህና በኋላ ለሚነሳ ካሳ ነው። በተግባር አስታማሚው የሆስፒታሉ ተጨማሪ ሠራተኛ ይሆናል፦ የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ በሆስፒታሉ የጠፋውን መድኃኒት ከውጪ ይፈልጋል፣ ደም እንዲሰጥም ይጠየቃል። የሚሰጠው ደም ብዙውን ጊዜ ለዚያው ዘመድ አይደርስም፤ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ተመርምሮ ባንኩ ያወጣውን ይተካል። ለዚህም ነው አንድ ጉዳተኛ ብቻውን ሲመጣና ሁለት ሰው አጅቦት ሲመጣ የሚያገኘው የሕክምና ፍጥነት የሚለያየው።

እስከዚህ ያየነው የመግቢያውን ወረፋ ነው። ሁለተኛው የሚጀምረው ሐኪሙ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ጉዳተኛው ተረጋግቷል፣ ምርመራው ታውቋል፣ አሁን የሚያስፈልገው የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ወይም የዋርድ አልጋ ነው። አልጋው የለም። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ፣ ቃሬዛ ላይ፣ ይቆያል። የያዘውን ቃሬዛ ለሚመጣው ቀይ መስጠት አይቻልም፤ የሚከታተሉት ነርሶችም ለአዲሱ የሚሆን ጊዜ ያጣሉ። ከሩቅ ሲታይ ድንገተኛ ክፍሉ የተጨናነቀው ብዙ ሰው ስለመጣ ይመስላል። በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን ዋናው ማነቆ መግቢያው ሳይሆን መውጫው መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ጤና ሚኒስቴርም ከ24 ሰዓት በላይ ድንገተኛ ክፍል የቆዩ ሕሙማንን ቁጥር እንደ መለኪያ የሚሰበስበው በዚህ ምክንያት ነው።

የመውጫው መዘጋት ከድንገተኛ ክፍል ብዙ የራቁ ነገሮች ውጤት ሊሆን ይችላል። የጭን አጥንቱ የተሰበረ ሰው ክብደት ተንጠልጥሎለት ከታከመ ሳምንታት አልጋ ይይዛል። አጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ከገባለት በጥቂት ቀን ውስጥ በክራንች ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ሳይን የተባለው የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ያለ ቀዶ ክፍል ራጅ ሊገባ የሚችል ዘንግ ሠርቶ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ ለብዙ አገር ሆስፒታሎች ይለግሳል። አንድ ዘንግ አንድ አጥንት ያስተካክላል፤ ከዚያ በተጨማሪ አንድ አልጋ ለሳምንታት ያስለቅቃል፣ ያ አልጋ ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ያለ አንድ ቃሬዛን። ዘንግ፣ ማደንዘዣ ወይም ደም ሲጠፋ ሰንሰለቱ በተቃራኒው ይሠራል።

ባለሙያ በኩል የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ከዚያ በፊት በአገሪቱ የተለየ ሥልጠና አልነበረም። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሥር ያለው አቤት ሆስፒታል በተለይ ለአደጋና ለድንገተኛ ሕክምና የቆመ ነው፤ አለርትም የአደጋ ማዕከል አለው፣ የካቲት 12 በቃጠሎ ሕክምና ይታወቃል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ክልል ላይ የተጎዳ ሰው በሪፈር ሲመጣ የመግቢያው ሰዓት በመንገድ ላይ ያልቃል፣ ሲደርስም የመውጫው ወረፋ ይጠብቀዋል።

ማስረጃው ከተዘረዘረ በኋላ ወደ ሁለቱ ቅሬታዎች ስንመለስ የመጀመሪያው በመሠረቱ ሥርዓቱ እንደታሰበው መሥራቱን ያሳያል ማለት ይቻላል፣ አንድ ነገር ካልጎደለ፦ ቀለሙ በመለካት ከወጣና እንደገና ከታየ። የሚጠብቅ ሰው ቀለም ይለወጣል። ስለዚህ “መቼ ይታያል?” ከሚለው ይልቅ “ከመጣን ወዲህ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ ግራ ተጋብቷል፤ እንደገና ለኩልን” የሚለው አባባል ለነርሷ ይጠቅማታል፣ ቦታም ሊያስለውጥ ይችላል። ትሪያጅ ሳይደረግ መጀመሪያ ካርድ አውጡ የሚባልበት ቦታ ግን ሥርዓቱን ገልብጦታል፤ እዚያ ላይ መቆጣት ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታ ነርሷንም ሐኪሙንም የሚመለከት አይደለም፤ እነሱ አልጋ አይሠሩም። ጥያቄው መቅረብ ያለበት አልጋና ሪፈር ለሚያስተባብረው የሆስፒታሉ ክፍል፣ ለሊያዞን ኦፊስ ነው። ወደ ሌላ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ሲጻፍ ሊያዞኑ ለተቀባዩ ሆስፒታል አስቀድሞ መደወሉን፣ አልጋ መኖሩንም ማረጋገጡን ቤተሰብ መጠየቅ ይችላል። ሳይደወል የተሰጠ ወረቀት ይዞ ጉዳተኛውን ከበር በር ማዞር የመግቢያውን ወረፋ ደግሞ ደጋግሞ ከመጀመሪያው መጀመር ነው፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚሠራባቸው ሦስት ሰዓታትም እዚያው ትራፊክ ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ።